ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ የነዳሁበት መንገድ

ቨርጂኒያ የመጣሁ ሰሞን ታክሲ እነዳ ነበር። ከሬገን ኤርፖርት ወጥተህ ወደ አሌክሳንድሪያ ስትወርድ የምትይዘው መንገድ ያኔ ጄፈርሰን ዴቪስ ሀይዌይ ይባላል። ስንት ዓመት ተመላለስኩበት፤ ሰውዬው ማን ነው ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። የሆነ ሴናተር ይሆናላ እያልኩ አልፈው ነበር። ሴናተርስ ነበር። በኋላ ግን ከአሜሪካ ተገንጥለው የወጡት የደቡብ ግዛቶች ፕሬዚዳንት ሆኖ ነው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከዋሽንግተን መንግሥት ጋር አራት ዓመት የተዋጋው።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጫንኩ። የመንገዱ ስም ይቀየር አይቀየር የሚል ወሬ ተነሳና «ያ ጦርነት እኮ በባርነት ምክንያት አይደለም፤ የግዛቶች መብት ጉዳይ ነው» አሉኝ። እኔም ሥራ ላይ ነኝ፣ «ኦኬ ሰር» ብዬ ዝም። ቲፓቸውም ጥሩ ነበር። ነገሩ ግን ከነከነኝ፤ አንቀጽ 39 ይውጣ አይውጣ የሚል ክርክር እየሰማ ለኖረ እንደኔ ዓይነቱ ሰው መገንጠል የሚለው ቃል ጆሮ ላይ ዝም ብሎ አያልፍም። የእነሱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ስለ መገንጠል ይቻላልም አይቻልምም አይልም። አንድ ግዛት በራሱ ፈቃድ ብቻ መውጣት አይችልም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የወሰነው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1869 ነው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጅ ናቸው።)

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። የገረመኝ ነገር፣ ሰዎቹ ምክንያታቸውን አልደበቁም። ሊንከን በኅዳር 1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ባርነት ወደ አዳዲሶቹ መሬቶች እንዳይስፋፋ እከለክላለሁ ያለ ሰው ነው። ገና ሥልጣን ሳይረከብ ሳውዝ ካሮላይና ወጣች፣ ስድስት ሌሎች ተከተሏት። ሚሲሲፒ ለምን እንደወጣች ስትጽፍ፣ አቋማችን ከባርነት ሥርዓት ጋር ሙሉ በሙሉ የተሳሰረ ነው ብላ ገና መግቢያው ላይ አስቀመጠችው። የዴቪስ ምክትል አሌክሳንደር ስቲቨንስም በመጋቢት 1861 ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ የአዲሱ መንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው አለ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይበሉ?

የግዛቶች መብት የሚባለውማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። በ1850 የወጣ ሕግ ነበር፤ ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ቢገባም ተይዞ ለጌታው ይመለስ የሚል። አንዳንድ የሰሜን ግዛቶች እኛ አናስይዝም ብለው የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። መብታቸውን ተጠቀሙ ማለት ነው። ሳውዝ ካሮላይና ስትወጣ ምን ብላ ከሰሰች? እነዚህ ግዛቶች ሕጉን አላከበሩልንም ብላ፣ በስም እየዘረዘረች።

ሰሜኖቹም ቢሆኑ መላእክት አልነበሩም። ሊንከን ራሱ ሥልጣን ሲረከብ ባደረገው ንግግር፣ ባርነት ባለበት ቦታ አልነካውም ነው ያለው። የተዋጋው መጀመሪያ አገሪቱ እንዳትፈርስ ነው። ታዲያ ጦርነቱ እንዴት ባሪያ ነፃ ወደ ማውጣት ዞረ? እዚህ ላይ ነው እኔ በጣም የምወደው ታሪክ ያለው።

ቦታው ፎርት ሞንሮ ነው፤ ከኛ ሰፈር ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚነዳ፣ ባሕር ዳር ያለ ትልቅ ምሽግ። ቨርጂኒያ ስትገነጠል ምሽጉ በሰሜኖቹ እጅ ቀረ። ቨርጂኒያ መገንጠሏን በሕዝብ ድምፅ ያጸደቀችው ግንቦት 23 ቀን 1861 ነው። በዚያው ሌሊት ሦስት ሰዎች በጀልባ ቀዝፈው መጡ። ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ፣ ጄምስ ታውንሴንድ። ጌታቸው ለተገንጣዮቹ ጦር የመድፍ ምሽግ እያሠራቸው ነበር። በማግስቱ አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና ሕጉ እንደሚለው ሰዎቹን መልሱልን አለ።

የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ወታደር ከመሆኑ በፊት ጠበቃ ነው። ዓይነተኛ ጠበቃ። መልሱ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ቨርጂኒያ እኮ ሌላ አገር ሆኛለሁ ብላለች፤ የአሜሪካ ሕግ ታዲያ ለሌላ አገር ምን ያደርግለታል? ደግሞ እናንተ ሰዎቹን ንብረት ነው የምትሉት፤ ጠላት ለጦርነት የሚጠቀምበትን ንብረት መውረስ ያለ ነገር ነው። ወረስኳቸው! ሰውን ንብረት ማለቱ ራሱ ያማል፣ ግን በራሳቸው ገመድ አሰራቸው። ወሬው ተሰማ። በቀናት ውስጥ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ምሽጉ ይጎርፍ ጀመር። ምክር ቤቱም በነሐሴ ለጠላት ጦር የሚሠሩ ባሪያዎች ይወረሱ የሚል ሕግ አወጣ። በተገንጣዮቹ ግዛቶች ያሉ ባሪያዎች ነፃ ናቸው የሚለው የሊንከን አዋጅ በጥር 1863 መጣ፤ ወደ 180 ሺህ ጥቁሮችም የሰሜኑን የደንብ ልብስ ለብሰው ተዋጉ። እኔ ትምህርት ቤት «ሊንከን ባሪያዎችን ነፃ አወጣ» ነው ያስተማሩኝ። ስለ ጀልባዋ የነገረኝ የለም።

ጦርነቱ ሲጀመር በባርነት የነበረው ሕዝብ ወደ አራት ሚሊዮን ነው። የሞተው ወታደር ደግሞ ለረጅም ጊዜ 620 ሺህ ሲባል ኖሮ አሁን 750 ሺህ ይጠጋል የሚሉ አሉ። (እኛ ቤትስ? ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሕግ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፣ በኛው አቆጣጠር። ብዙም አናወራውም።)

ባለፈው ሰመር ልጆቼን ይዤ ፎርት ሞንሮ ወረድኩ። በ1619 ወደ ቨርጂኒያ የመጡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ተማርከው ከመርከብ የወረዱት እዚያው ባሕር ዳር ነው። ምሽጉ ውስጥ ደግሞ አንድ ክፍል አለ። ጄፈርሰን ዴቪስ ከተሸነፈ በኋላ መጀመሪያ የታሰረባት። በጠቅላላው ምሽጉ ውስጥ ሁለት ዓመት ታስሮ ከርሟል፣ ከዚያ ክስ እንኳ ሳይሰማበት ወጣ። ትንሿ ልጄ «ይሄ ሰውዬ ነው መንገዱ የነበረው?» አለችኝ።

እሱ ነው። ስሙ በ2019 ከመንገዱ ላይ ተነሳ። በምን ተኩት መሰላችሁ? ሪችመንድ ሀይዌይ። ሪችመንድ የተገንጣዮቹ ዋና ከተማ ነበረች።