ወተት የመሰለው ዘይት

ዛሬ ጠዋት ከመኪናዬ የኋላ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው የጥርሶች ሳጥን፣ የወረደው ዘይት ወተት መስሎ ነጥቷል። የመቀየሪያው ኪሎ ሜትር ገና ነበር። መኪናዋ እንግዳ ድምፅ አላሰማችም፤ ከሥሯም አንዲት ጠብታ አልታየችም። ብሎኑን የፈታሁት ደብተሬ ላይ «ከወንዝ መልስ ዘይት ይታይ» ብዬ ስለጻፍኩ ብቻ ነው።

ዘይት እንዲህ የሚነጣው ውኃ ሲገባበት ነው። ከየት ገባ? በጣቴ እየዳበስኩ የመተንፈሻውን ቱቦ አገኘሁት፤ ጫፉ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። ከእርሳስ የማትወፍር ቱቦ! በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። በቱቦው በኩል አየር መሳብ ካልቻለ ደግሞ ዘይቱ እንዳይፈስ በሚከለክሉት የላስቲክ ቀለበቶች በኩል ውኃውን ይስባል። እኔ ወንዙን ተሻግሬ ደስ ብሎኝ ስሄድ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች በውኃና በዘይት ቅልቅል ሲፋጩ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ቱቦውን ጠረግኩ። አዲስ ዘይት ሞልቼ ጥቂት ነዳሁና፣ የቀረውን ውኃ ይዞ እንዲወጣ እርሱንም አፍስሼ እንደገና ሞላሁ።

የብዙ አምራቾች መመሪያ ለአቧራ፣ ለጭቃና ለውኃ ጉዞ አጠር ያለ የጥገና ጊዜ ለብቻው ያስቀምጣል። ብዙዎቻችን ግን የምንከተለው የአስፋልቱን ነው። ቆጣሪው ኪሎ ሜትር እንጂ ወንዝ አይቆጥርም።

ደብተሬ ላይ ለተሻገርኳቸው ወንዞች አዲስ ዓምድ አስምሬያለሁ። ነገ ቱቦውን አስረዝሜ፣ ጫፉን ውኃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አስረዋለሁ።