ያልተጻፈው ወደብ

ግዢ ክፍል ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ኮንቴይነር የማተሚያ ወረቀት ከውጭ አዘዝን። ውሉ ላይ «ሲ.አይ.ኤፍ.» (የዕቃው ዋጋ፣ ኢንሹራንስና የመርከብ ኪራይ በሻጩ) ይልና ከጎኑ የእኛ ወደብ ስም ተጽፏል። ደስ አለኝ። ሻጩ የመርከቡንም የኢንሹራንሱንም ከፍሎ እስከ ደጃችን ያደርሳል፤ መንገድ ላይ የሆነው ቢሆን የራሱ ጣጣ ነው አልኩ።

ኮንቴይነሩ ሲከፈት ጣሪያው ተበስቷል። የባሕር ውኃ ገብቶ ጥቅሎቹ አብጠው ተጣብቀዋል።

ለሻጩ በቁጣ ጻፍኩለት። (ደብዳቤው ዛሬም ያሳፍረኛል።) የመለሰልኝ አጭር ነው፦ «ዕቃው በደህና መርከብ ላይ ወጥቷል። የጭነት ሰነዱን እዩት።»

ሰነዱን ይዤ የሎጂስቲክስ ኃላፊዋ ጋ ሄድኩ።

«እዚህ የተጻፈው የማን ወደብ ነው?» አሉኝ።

«የእኛ።»

«እሱ ሻጩ ኪራይ የሚከፍልበት መጨረሻ ነው። የአደጋው ኃላፊነት ወደ አንተ የዞረው ግን እዚያ፣ መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ሲጫን ነው። ያ ወደብ ውሉ ላይ የለም። ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው።»

ለካ ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጠው በእኛ ኃላፊነት ነው!

ኢንሹራንስ አለ ብዬ ተጽናናሁ። እሱም አላዋጣም። በኢንኮተርምስ 2020 (እነዚህን የንግድ ውል ቃላት በሚተነትነው ዓለም አቀፍ ደንብ) ሲ.አይ.ኤፍ. ላይ ሻጩ የሚገደደው ዝቅተኛውን ሽፋን፣ «ክሎዝ ሲ»ን ብቻ እንዲገዛ ነው። የዋስትናው መጠን የውሉ ዋጋ 110 በመቶ ነው፤ አይከፋም። ግን መርከቡ ቢሰጥም፣ ቢጋጭ፣ ቢቃጠል እንጂ በቀዳዳ ለገባ ውኃ አይከፍልም። የተሻለ ከፈለግን ውሉ ላይ መጠየቅ ነበረብን።

ከሁሉ ያበገነኝ ሌላ ነው። ኮንቴይነር አብዛኛውን ጊዜ ሻጩ ተርሚናል ላይ ስለሚያስረክበው፣ የሚስማማው ሲ.አይ.ፒ. (ማጓጓዣና ኢንሹራንስ በሻጩ) የሚባለው ነው። እሱ ደግሞ ከ2020 እትም ወዲህ ሰፊውን «ክሎዝ ኤ» ይጠይቃል። ኃላፊነቱ እንዲያውም ቀደም ብሎ ወደ እኛ ይዞር ነበር፤ ግን ካሳ የምንጠይቅበት በር ይኖረን ነበር። በአንድ ፊደል!

ለቀጣዩ ትዕዛዝ ሲ.አይ.ፒ. አልኩ። ከመድረሻው በላይ ደግሞ ሻጩ ዕቃውን ለአጓጓዡ የሚያስረክብበትን ቦታ በእርሳስ ጻፍኩ። ኃላፊዋ አዩት፤ ብዕራቸውን አነሡና በላዩ ላይ ደገሙት።