ድቡ ኩባያ ሲሰብር

ለአራት ዓመት ልጅ "ለሰው እዘኝ" ማለት ቀላል ነው። እንዴት እንደሚታዘን ግን በምክር ብቻ አይገባትም። እኔ ከልጄ ጋር ይህንን የምሠራው በእቃቃ ጨዋታ ነው።

ጨዋታውን የምትመራው እሷ ነች። እኔ የምገባው አንድ ችግር ያለበት ገጸ ባህሪ ሆኜ ነው፤ መንገድ የጠፋበት ጥንቸል ወይም ማንም የማያጫውተው ድብ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ "ና፣ እኔ ጋ እደር" ትለኛለች፣ አንዳንዴ ደግሞ "ሂድ ከዚህ!" ብላ ታባርረኛለች። ስታባርረኝ አልቆጣትም። ድቡ እሺ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ ብዙ ጊዜም በሩ ጋ ሳይደርስ ራሷ ትጠራዋለች።

ከሁሉ የወደድኩት የኩባያውን ጨዋታ ነው። ሐሳቡን የወሰድኩት ከስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው ልጆችን ስለ ሁለት ሰባሪዎች ይጠይቃቸው ነበር፦ አንዱ ልጅ ከበር ጀርባ ኩባያ መኖሩን ሳያውቅ በሩን ሲከፍት 15 ይሰብራል፣ ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ሊያወጣ ሲንጠራራ አንድ ይሰብራል። ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚፈርዱት 15 በሰበረው ላይ ነው፤ የሚታያቸው ጉዳቱ እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

እኔም በአሻንጉሊት አደረግኩት። ልጄ ሳያውቅ 15 በሰበረው ምስኪን ድብ ላይ ፈረደች። ተሳስተሻል አላልኳትም፣ ሚና ተቀያየርን እንጂ። እሷ ድብ ሆነች፣ እኔ ዳኛ፣ እና የራሷን ፍርድ መልሼ ፈረድኩባት። "እኔ እኮ አላየሁትም!" ብላ ጮኸች። አሁን ዳኛ ስትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው "ሆን ብለህ ነው?" ብላ ነው።

ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው ከፍ ብሎ ይገኛል ይል ነበር፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሚና የራሱ ሕግ አለው። እኔም አይቼዋለሁ። ተራ መጠበቅ የሚያቅታት ልጄ ሐኪም ስትሆን በሽተኞቿን አሰልፋ፣ በጣም የታመመውን አስቀድማ፣ በትዕግሥት ታክማለች።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ጨዋታውን አቋርጣችሁ "አየሽ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ?" አትበሉ፤ ወዲያው ትምህርት ቤት ይሆንባትና ትታችሁ ትሄዳለች። ሌባ ወይም ክፉ ልሁን ስትልም ፍቀዱላት። አንዳንድ ወላጆች ይህ ያስፈራቸዋል፣ እኔ ግን ጥሩ አጋጣሚ ነው ባይ ነኝ፤ እሷ ስትሰርቅ የተሰረቀበት ሰው እኔ ስለምሆን ምን እንደተሰማው ከአፌ ትሰማለች። ጨዋታውን የማቆመው በእውነት ከመታችኝ ብቻ ነው። ያኔ "አሁን ድብ አይደለሁም፣ አሞኛል" እላታለሁ፣ ስትረጋጋም ከፈለገች እንቀጥላለን።