በነሐሴ ጭቃ ወደ ጮቄ

ጎጃም ውስጥ በክረምት መኪና የሚይዘው አፈር እንደ ከፍታው ይለያያል። በደጀንና በቢቸና ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ያብጥና እየተጠቀለለ የጎማውን ጥርስ ይደፍነዋል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለው ቀይ አፈር ግን ብዙም አይጣበቅም፤ ያንሸራትታል። የባለ ፎር ዊል መኪና ባለቤቶች ማኅበራችን ለክረምቱ ጉዞ ይህን ዳገት የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ዋልካ የዋጠው መኪና እስኪጎተት ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም፣ የሚንሸራተተውን ግን እጁ የተፈታ አሽከርካሪ ሊገራው ይችላል።

2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደብረ ማርቆስ የተነሣነው ገና ጉሙ ሳይገፍ ነበር። እስከ ሮብ ገበያ ስላለው መንገድ የምለው የለኝም። ከዚያ ጥቂት አልፈን ወደ አንድ የበጋ መንገድ ስንገነጠል ግን ሁሉም ወርዶ ከጎማው ነፋስ ያስተነፍስ ጀመር። አስፋልት ላይ 35 ፒ ኤስ አይ የነበረውን ወደ 20 አወረድነው፤ ጎማ ሲላላ መሬት የሚነካው ገጹ ስለሚሰፋ ጭቃ ላይ የተሻለ ይይዛል፣ ከልክ በላይ ካላላ ግን በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። አሮጌ ላንድክሩዘር የያዙት ተንበርክከው የፊት ጎማዎቹን ሀብ፣ ማለትም ጎማውን ከሞተሩ ኃይል ጋር የሚያገናኘውን መቆለፊያ፣ በእጃቸው ቆለፉ።

ማኅበሩ የማያወላዳ ደንብ አለው፤ ዳገት ላይ ከፊት ያለው መኪና ደልዳላ ቦታ ሳይደርስ ተከታዩ አይነሣም። ተራው የደረሰው በሎው፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት በሚጨምረው የማርሽ ክልል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይዞ፣ ነዳጁን ሳያበዛም ሳይቀንስም ይወጣል፤ ደንግጦ ፍሬን የረገጠ በጎኑ ይንሸራተታል። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ይከዳዋል። የላንድክሩዘር ባለቤቶች ጥቁር ጭስ እየለቀቁ ሲወጡ፣ ቱርቦ ያለውን ሃይሉክስ የያዘው ወዳጃችን ያን ቀን የልቡን ተናገረ።

ገብሱና ድንቹ አልቆ ጓሳው ሊጀምር ሲል መንገዱ ውኃ የሞላባቸው ሁለት ቦዮች ሆነ። በስተቀኙ ለስላሳ የግጦሽ መስክ አለ፤ ሌሎች መኪኖች እንዳለፉበትም ዱካው ይናገራል። ባለ ሃይሉክሱ መሪውን ወደ መስኩ ሲጠመዝዝ፣ ገሳ የደረቡ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ከኮፋኖው ፊት ዘረጉ።

«ልጆቼ፣ በመንገዱ ሂዱ። በዚህ ያለፈውን መኪና ዱካ አምና ውኃ ገባበት፤ ዘንድሮ ጥጃ ይውጣል።»

«ይቅርታ አባቴ፣ እንመለሳለን» አለ ሰብሳቢያችን፣ ከመኪናው ወርዶ።

ወስደው አሳዩን። ሁለቱ የጎማ መስመሮች ቁልቁል ወርደው ከታች አንድ ቦረቦር ሆነዋል፤ ብገባበት እስከ ወገቤ ደረሰ፣ ከአፋፉ የሣሩ ሥር ተንጠልጥሏል። ጎማ የረገጠው ሣር ሲሞት ቦዩ ውኃ ይሰበስባል፣ የተሰበሰበው ውኃም ተዳፋቱን ተከትሎ አፈሩን ይጠርጋል። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሱሃ ከዚህ ተራራ ተነሥተው ዓባይ የሚገቡት በክረምት ደፍርሰው ነው። እንደ እኔ እምነት ከመንገድ ወጥቶ መስክ የሚያርስ አሽከርካሪ፣ መኪናው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ከማኅበራችን መሰናበት ይገባዋል፤ ይህን በስብሰባም ተናግሬያለሁ።

በቦዩ ለማለፍ ዊንች፣ ማለትም ገመድ እየጠቀለለ መኪናውን የሚስብ መሣሪያ፣ አስፈለገ፤ ገመዱን የምናስርበት ዛፍ ግን አልነበረም። ከላይ ያለው ጅብራ ብቻ ነው፤ እሱም ቁመቱ ያማልላል እንጂ መኪና የሚስብ ጉልበት የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ላንድክሩዘር በራሱ ጉልበት ካለፈ በኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን፣ የሌሎቹን ገመድ በእሱ ላይ አሰርን። ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮሁ የነበሩ እረኞች ድንጋይ እያቀበሉ ቦዩን አብረውን ሞሉ። ካቦ ሲወጠር ማንም በአጠገቡ እንዳይቆም ሰብሳቢያችን ደጋግሞ ጮኸ፤ የተበጠሰ ካቦ ሰው ይቆርጣልና። በመሃሉም ገመዱ ላይ ወፍራም ጋቢ ጣለበት፤ ቢበጠስ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ፍልሰታ ስለነበር ምሳችን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ጫፉን ሲሸፍነው የበለጠ ለመውጣት የፈለገ አልነበረም። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳንነካ በሎው አንደኛ ማርሽ ወረድነው።

አስፋልት ስንደርስ የሁለት መኪኖች መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባላንስ ተበላሸ ያሉ ነበሩ፤ ነገሩ ግን ከቸርኬው በስተውስጥ በአንድ ወገን የደረቀ ጭቃ ነበር። በእንጨት ፍቀን ስናወርደው መንቀጥቀጡ ቆመ። የአንደኛው ሙቀት ግን መጨመሩን አልተወም፤ ራዲያተሩ በጭቃ ተደፍኗል። ደብረ ማርቆስ ላይ አጣቢው ውኃውን በኃይል ከፊት ሊለቅበት ሲል ባለቤቱ አስቆመው፤ ኃይለኛ ውኃ የራዲያተሩን ስስ ክንፎች ያጣጥፋልና ከኋላ በኩል በዝግታ እንዲያፈስበት አደረገ። ጭቃው ተነጥሎ እስኪያልቅ ድረስ መሸ፤ ደጀንን የወረድነው በማግስቱ ነው።