ልደት በየሳምንቱ

ዛሬ ማታ መብራት ጠፍቶ ግቢ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬ 9 ፐርሰንት ቀርቶት፣ ትራፒስት 1 ስለምትባል ኮከብ ሳነብ የእህቴ ልጅ መጥቶ «ጋሼ እዛ ሰው አለ?» አይለኝም! ኮከቧ ትንሽዬ ቀይ ነች፣ 7 ፕላኔት ይዞሯታል፣ ኢ የሚሏት ላይ ውሃ ሳይተንም በረዶም ሳይሆን ሊገኝ ይችላል ይላሉ፣ ዓመቷ ግን 6 ቀን ምናምን ነው አልኩት። «በየሳምንቱ ልደት!» ብሎ ዘለለ። ኬኩን ማን ሊገዛ እንደሆነ እንጃ። እዛ ድረስ እኮ 40 የብርሃን ዓመት ነው፣ ብርሃን ራሱ 40 ዓመት የሚጓዘው ርቀት፣ በቮዬጀር መንኮራኩር ፍጥነት ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ገደማ። ለኮከቧ የምትቀርበዋን፣ «ቢ» የሚሏትን ፕላኔት ደግሞ ጄምስ ዌብ የሚሉት የጠፈር ቴሌስኮፕ በፈረንጆች 2023 ሲያያት አየር የላትም ማለት ይቻላል፣ የጋለ ድንጋይ፣ ሳነበው ከፋኝ። ኢን ገና እያጠኗት ናቸው። «ታዲያ ለምን አትደውልላቸውም?» ሲለኝ መብራት መጣ፣ ጥሎኝ ወደ ቲቪው ሮጠ።