«እግርህን አንሳ» ያለኝ አጎቴ አይሱዙ ነበር የሚነዳው

መንዳት ያስተማረኝ አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ከእኔ በአስራ ሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፣ ግን ግማሽ ዕድሜውን አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው ያሳለፈው። ከመተማ ሰሊጥ፣ ከደባርቅ ገብስ ሲያመላልስ ኖሯል። ያስተማረኝ ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል፣ ከአንዷ በስተቀር። «የመኪናዋ ኋላ ተንሸራቶ ካመለጠህ ቶሎ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ» ይለኝ ነበር። አንድ ሐምሌ ላይ ቦይ ውስጥ የከተተችኝ ይቺው ምክር ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዳባት ለቅሶ ደርሼ ብቻዬን ወደ ጎንደር እየተመለስኩ ነበር። የኋላ ወንበር ባዶ፣ የዕቃ መጫኛዋም ባዶ። አምባ ጊዮርጊስን አልፌ ኮሶዬ አካባቢ ስደርስ ጉሙ መንገዱ ላይ ወርዷል፣ ካፊያም አለ። ወደ ግራ የሚታጠፍ ቁልቁለት ኩርባ ውስጥ ትንሽ ፈጥኜ ገባሁ፣ ስልሳ ምናምን። መሃል ላይ ስደርስ ፊቷ ወደ ውጭ መግፋት ጀመረ። ደነገጥኩና እግሬን ከነዳጁ ላይ ንጥቅ አደረግሁ። በቃ። ኋላዋ እንደ በር ተከፈተ። ስትዞር ያየሁት ጉም፣ ገደል፣ ጉም፣ ተራራ ነው፤ ደግነቱ በገደሉ ሳይሆን በተራራው በኩል የኋላ ጎማዋን ቦይ ውስጥ ከታ ቆመች።

ራሱን በፌስታል የሸፈነ አንድ እረኛ ልጅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ብቅ አለ። እኔን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ፊቷን ወደ መጣሁበት አዙራ መቆሟን አየ። «ጋሼ፣ ጎንደር እኮ በወዲያ ነው» አለኝ።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1998 ሞዴል፣ 1.3 ሞተር፣ ማርሿ በእጅ። በሦስተኛው ቀን ሁልጊዜ ወደሚያዩልኝ መካኒክ ወሰድኳት። ስማቸውን አልጠራም፣ እንዲጠራም አይወዱም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ገብተው ከስር አዩ፣ ኩሽኔታውን ነቀነቁ፣ ፍሬን ሸራውን አዩ። ምንም የለም። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ንገረኝ አሉ። ነገርኳቸው። «አጎትህ ምንድን ነው የሚነዳ?» አሉኝ። አይሱዙ ነው አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁ። «ምክሩም የአይሱዙ ነዋ!»

እስኪ መንገዳችንን እዩት። ባጃጁ ከኋላ ነው የሚገፋው። ሚኒባሱም፣ ማለት ሃይሱ፣ ከኋላ ነው። አይሱዙውም፣ የድሮዋ ላዳም እንደዚያው። እነዚህ መኪኖች ነዳጅ ሲበዛባቸው የሚሽከረከርባቸው የኋላ ጎማ ነው፣ ስለዚህ ኋላቸው ያመልጣል፣ ነዳጁን ስትቀንስ ምክንያቱን አነሳህ ማለት ነው። አጎቴ አልዋሸም። በመኪናው ልክ ትክክል ነው።

ኮሮላዋ፣ ቪትዝዋ፣ ያሪስዋ ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። ሞተሩ ፊት፣ ካምቢዮው ፊት፣ የሚጎትተው ጎማ ፊት፣ የሚጠመዘዘውም ያው የፊቱ ነው። ከክብደቷ ከ60 በመቶ በላይ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው። ኋላዋ ዝም ብሎ ይከተላል። ኩርባ መሃል እግርህን ከነዳጁ ላይ ስትነጥቅ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን የፊት ጎማውን ይይዛል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ ድሮም ቀሎ የነበረው ኋላ ይበልጥ ይቀላል። የቀለለ ጎማ መሬት አይዝም። ሲያመልጥህ ደግሞ «እግርህን አንሳ» የሚለው ምክር ያመጣብህን ነገር እንደገና አድርገው ማለት ይሆናል። ማድረግ ያለብህ ተቃራኒውን ነው፤ መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ ትሰጥና ነዳጅ ትጨምራለህ፣ ቀስ አድርገህ። ክብደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፊቷ ደግሞ ጎትቶ ያቃናታል። ገመድ እንደያዘ ሰው።

ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ ፊዚክስ አላወሩም። «ለእያንዳንዱ ጎማ አንድ እንጀራ ተሰጥቶታል በል» አሉኝ። «ለመዞርም ከእሱ ነው የሚበላ፣ ለመቆምም ከእሱ፣ ለመጎተትም ከእሱ። የአንተ መኪና የፊት ጎማ ሦስቱንም ነው የሚሠራ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ካልህ እንጀራው ያልቃል።» በኋላ ሳነብ ይኸው ነገር በክብ ሥዕል ተሥሎ፣ በቀስት ተሞልቶ አገኘሁት፣ የጋሼን ያህል ግን አልገባኝም። ፍጥነቱ ደግሞ እንጀራውን በእኩል አይቆርሰውም። ያንኑ ኩርባ በ40 ፈንታ በ80 ብትገባበት ጎማው መያዝ ያለበት ኃይል 2 ሳይሆን 4 እጥፍ ነው።

ሌላም ጥፋት ነበር፣ እሱ ደግሞ የጎማ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ አንድ ጎሚስታ ጋ ፊት አስገጥሜ ነበር፤ «የሚሠራው የፊቱ ነው፣ የሚያልቀውም እሱ ነው» ስላለኝ አመንኩት። እውነትም የፊቱ ቶሎ ያልቃል። ግን ዝናብ ላይ የፊት ጎማ ሲንሸራተት መሪው እጅህ ላይ ይነግርሃል፣ ትቀንሳለህ፣ ትመለሳለህ። ኋላ ላይ ያለው የተላጨ ጎማ ሲያመልጥ ግን ማንም አይነግርህም፣ ስታውቅ ዞረሃል። ጋሼ ያን ቀን ያለ ምንም ክርክር አዲሶቹን ወደ ኋላ አዞሩልኝ። ጎሚስታው እስከ ዛሬ አላመነም፣ ባየኝ ቁጥር ይስቅብኛል።

ከዚያ አንድ እሁድ «ና እናሳይህ» አሉኝ። አዘዞ በኩል እህሉ የተነሳለት ሰፊ ሜዳ አለ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ትንሽ ብርም ሰጥተን ገባን። ቢጫ ጀሪካኖች ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልተን በክብ ደረደርናቸው። መጀመሪያ በሁለተኛ ማርሽ ክቡን ዞርኩ። «ነዳጅ ጨምር» አሉ፣ ጨመርኩ፣ ፊቷ ወደ ውጭ ወጣ። መሪውን ጨመርኩበት፣ ይበልጥ ወጣ፣ አንድ ጀሪካን ገጨሁ። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ አልታጠፍ ስትለው መሪውን ይበልጥ ያጠምዛል፣ እንጀራ ያለቀበትን ጎማ እንደገና ብላ ይለዋል። መሪውን ትንሽ ትመልሳለህ፣ ነዳጁን ቀስ ብለህ ትቀንሳለህ፣ ያን ጊዜ ትይዛለች። ቀስ ብሎ መቀነስና መንጠቅ አንድ አይደሉም፤ ኮሶዬ ላይ የጎደለኝ ይቺ ነበረች።

ቀጥሎ ሆን ብዬ እንድነጥቅ አደረጉኝ። ኋላዋ ወጣ። ጨምር! ጨመርኩ፣ ተቃናች። እንደገና። እንደገና። ሃያ ጊዜ ይሆናል የደጋገምነው፣ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ገብቷል፣ እግሬ ግን ከጭንቅላቴ በፊት ተማረ። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት እያወቅሁት እንኳ እግሬ ወደ ፍሬኑ ይሄድ ነበር።

የእጅ ፍሬኑ ቀላሉ ነው፣ ልጆች ሁሉ የሚወዱትም ለዚያ ነው። የሚይዘው የኋላውን ብቻ ስለሆነ ትጠመዝዛለህ፣ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ፣ ቁልፉን ተጭነህ ትስባለህ፣ ኋላዋ ይዞራል፣ ትለቃለህ፣ ነዳጅ። ያስቃል። ትልቅ ጥበብ ግን አይደለም። ጥበቡ የግራ እግር ፍሬን ነው፤ ቀኝ እግርህ ነዳጁን ሳይለቅ በግራህ ፍሬኑን ትነካለህ። ፊት ያሉትን ሞተሩ እየጎተታቸው ስለሆነ አይታሰሩም፣ ኋላ ያሉት ግን ይያዛሉ፣ መኪናዋም በአፍንጫዋ ወደ ኩርባው ትገባለች። ለማውራት ቀላል ነው። የእኔ ግራ እግር ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ፍሪሲዮን ብቻ ነው፣ እስከ ወለሉ መርገጥ ነው ሥራው። መጀመሪያ ስሞክር ግንባሬ መሪው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጋሼ ከጎኔ ናቸው፣ ቆባቸው ወደቀ። «አንተ! ፍሬን እንደ እንቁላል ነው የሚረገጥ!»

ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ስዊድናዊው ኤሪክ ካርልሰን ሳብ 96 በምትባል መኪና የሞንቴ ካርሎን ራሊ፣ ማለት የመኪና ውድድሩን፣ በ1962 እና በ1963 አሸንፏል፤ ሞተሩ ሦስት ሲሊንደር፣ 850 ሲሲ እንኳ የማይሞላ፣ የሚጎትተው በፊት ጎማ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር አንዴ ዙሩ ከወረደ መልሶ ለማንሳት ዕድሜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ነዳጁን ላለመልቀቅ በግራ እግሩ ፍሬን ይነካ ነበር። ከዚያ ሚኒ ኩፐር መጣች። 1964፣ 1965፣ 1967 ሞንቴ ካርሎን ወሰደች። በ1966ም ቀድማ ነበር የገባችው፣ በፊት መብራቷ ሰበብ አሰናበቷት። በ1999 ደግሞ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ቡጋልስኪ የፊት ጎማ በምትጎትት ሲትሮኤን ክሳራ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዱትን ኃይለኞች ካታሎኒያና ኮርሲካ ላይ በተከታታይ አሸነፋቸው። የሚኒዋን ፎቶ ለጋሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ይቺ ከባጃጅ በምን ትሻላለች?» አሉ።

እንግዲህ ድሪፍት የሚባለው ነገር ላይ ልምጣ፣ ብዙ ልጆች ስለሚጠይቁኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በኮሮላ ወይ በቪትዝ ድሪፍት የለም። ጃፓኖቹ በነዳጅ ይዘው ሙሉ ኩርባውን በጎን የሚያንሸራትቱት የኋላ ጎማዋ የሚነዳ መኪናን ነው፤ ነዳጁ መንሸራተቱን ይመግበዋል። የእኛዋ ላይ ነዳጁ መንሸራተቱን ይገድለዋል። ኋላዋን ማስወጣት ትችላለህ፣ ለሁለት ሰከንድ ለሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ ትቃናለች ወይ ትዞራለች። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። በራሊ የሚፈለገውም አፍንጫዋን ቶሎ ወደ መውጫው ማዞር እንጂ ማሳመር አይደለም። ፒያሳ አደባባይ ላይ ማታ የእጅ ፍሬን እየሳቡ ስልክ ላይ የሚጭኑት ግን ያናድዱኛል፤ ያቺ መንገድ ላይ ከመታጠፊያው ኋላ አንድ ባጃጅ ያለ መብራት ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ወይ አህያ። ሜዳ ፈልጉ። ጀሪካን ርካሽ ነው።

አንድ የእኛ አገር ነገርም አለ። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ወደ ደባርቅ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌላት መኪና እዚሁ ከተማው ውስጥ እንኳ ከጉልበቷ ወደ አንድ አምስተኛው ይጎድልባታል። የእኔዋ 1.3 ስለሆነች ይሰማታል። ስለዚህ «ነዳጅ ጨምር» ስልህ በአራተኛ ማርሽ ሆነህ ብትጨምር ምንም አይመጣም፣ የምትጎትትበት ጉልበት የለማ። ኩርባው ሳይደርስ ሦስተኛ ወይ ሁለተኛ ላይ መሆን አለብህ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የሚለቅ ሰው ደግሞ መዳኛውን ቤቱ ትቶ የወጣ ነው።

አጎቴን ቀጥሎ በነበረው ክረምት ይዤው ሄድኩ፣ የእሱ አይሱዙ ደባርቅ ሞተር ወርዶለት ነበር። ስንመለስ ያው መንገድ፣ ያው ካፊያ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ኮሶዬን አልፈን ወደ ወለቃ ስንወርድ አንድ ኩርባ ላይ የሆነ መኪና ያራገፈው ጭቃ ነበርና ኋላዋ ትንሽ ሸርተት አለ። አጎቴ የበሩን እጀታ ጨብጦ «እግርህን አንሳ! አንሳ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ጨመርኩ፣ ትንሽ ብቻ። ተቃናች።

እስከ ወለቃ አልተናገረም። ወለቃ ላይ «ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለኝ። ነገርኩት፣ ስለ እንጀራውም ነገርኩት። «ይቺ መኪና የተገላቢጦሽ ናት» ብሎ ዝም አለ።

ከሳምንት በኋላ ማራኪ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ከመካከላቸው አንዱ አዲስ ያሪስ ገዝቷል፣ አጎቴ ጣቱን እያወዛወዘ እየመከረው ነው። «ስማ፣ የፊት ጎማ መኪና ናት። ኋላዋ ካመለጠህ እንዳታነሳ፣ ጨምርላት። እኔ ይቺን ስንት ዓመት ነው የምናገረው።» ሲያየኝ ዓይኑን ወደ ስኒው መለሰ።