የውሻው መንጋጋ አቼቶ ውስጥ

የምሰራው አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ከጥንት ማያዎች (የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝብ) ከተማ ተቆፍሮ የወጣ የእንስሳት አጥንት እናጸዳለን፣ የምን እንደሆነ እንለያለን። በቀደም ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንድ አዲስ ተማሪ የጓቲማላ ቆላ የውሻ መንጋጋ ተሰጥቶት ኖራ ድርቅ ብሎበት አልለቅ ሲለው አቼቶ ውስጥ ነከረው። ስደርስ ብርጭቆው ውስጥ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ልጁ ደግሞ ኖራው ለቀቀልኝ ብሎ ደስ ብሎታል። በሱ አልፈርድም፣ አትንከር ያለው ሰው የለም፣ ያናደደኝ ይሄ አለመነገሩ ነው።

የሚሟሟው እኮ ኖራው ብቻ አይደለም! አጥንትና ጥርስ ውስጥም ካርቦኔት አለ፣ እንስሳው ምን ሲበላ እንደኖረ የምናውቀው ከሱ ነው። በቆሎ የበላና የጫካ ቅጠል የበላ ካርቦናቸው ይለያያል። በርግጥ አጋዘን ማሳ ገብቶም በቆሎ ይበላል፣ ስለዚህ ይሄ ብቻውን ሰው አርብቶታል አያስብልም። ጥርስ ላይ ደግሞ ስትሮንቲየም የሚባል፣ ከድንጋይና ከአፈር በምግብና በውሃ የሚገባ ንጥረ ነገር አለ፣ ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን) የሚሰራው በግልገልነት ስለሆነ እንስሳው የት እንዳደገ ይናገራል፣ የኖራ ድንጋይ አገርና የእሳተ ገሞራ አገር አንድ አይነት አይደሉማ።

በዚሁ መንገድ ነው በፈረንጆቹ 2018 በወጣው ሴይባል በተባለ የጓቲማላ የማያ ከተማ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 አካባቢ የነበሩ ሁለት ውሾች ቆላው ውስጥ ተገኝተው ያደጉት ግን የእሳተ ገሞራው ደጋ እንደሆነ የታወቀው። ሰው ነው ያን ሁሉ መንገድ በህይወታቸው ያመጣቸው። ጃጓር ሳይሆን የማይቀር አንድ ትልቅ አውሬም ከትንሽነቱ ጀምሮ ምግቡ ከበቆሎ ጋር የተያያዘ ነበር፣ ማለትም ሰው ሲቀልበው ሳይኖር አይቀርም። የጥንት ማያዎች በሬ የላቸው ፈረስ የላቸው፣ ከእንስሳ ጋር እንዴት እንደኖሩ ብዙውን የሚነግረን እንዲህ ያለ ጥርስ ነው።

መንጋጋውን አውጥተን በተጣራ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅነው። የፊት ጥርሶቹ ነጭ ጠመኔ መስለዋል፣ አቼቶው ያልደረሰባቸው የኋላ ጥርሶች ግን ደህና ናቸው፣ ሳምፕል ከነሱ ይወሰዳል። ፕሮፌሰሯ ልጁን አልተቆጣችውም፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳችውና በማግስቱ አሰራሩን ቀየረችው፣ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዛ የጥርስ ሳምፕል፣ ጽዳት ከዛ በኋላ፣ እሱም በለስላሳ ብሩሽና በስቴኪኒ። አቼቶውም ከላብ ወጥቷል።